በእግር መሄዱ ጥሩ ነው፣ ግን ለጡንቻ አይበቃም

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የኔን ነገር የጻፍሽ ነው የመሰለኝ። እናትሽ 66 ዓመቷ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ትራመዳለች፣ ግን ከሶፋ ስትነሳ እጇን ካልተደገፈች አይሆንላትም። ክብደት ማንሳት ይጎዳታል ወይ ነው ያልሽው። በአግባቡ ከተሠራ አይጎዳትም። እኔ 64 ዓመቴ ነው፣ ከሒሳብ ክፍል ጡረታ ወጥቼ አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ እንደሷው ነበርኩ።

1. መራመዱን አታስቁሚያት። ለልብም ለስኳርም ጥሩ ነው። ግን ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፣ ከ60 በኋላ ደግሞ ይብሳል። ቀድመው የሚሳሱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ሰው ሲደናቀፍ ቶሎ እግሩን ዘርግቶ ከመውደቅ የሚያድኑት ማለት ነው። እነሱ ከበድ ያለ ነገር ይፈልጋሉ። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ስትመላለስ ብትውል ብዙም አይነኩም።

2. ጂም የምትወስጃት ከሆነ ሳትከፍዪ አሰልጣኙን አነጋግሪው። ይሄን የምልሽ ገንዘቤ ስለተበላ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጂም የሦስት ወር በአንዴ አስከፈሉኝ። ልጁ ገና ሲያየኝ "ማዘር፣ እርስዎ እዚህ ይራመዱ" ብሎ መሮጫ ማሽን ላይ አወጣኝ። መራመድማ መንገዱ በነጻ አለ! ክብደት ልንካ ስል "ወገብዎን ይጎዳሉ" ይለኛል። በሌላም ቀን ያው ነው። ብሬን መልሱልኝ ብዬ ስሄድ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ "የተከፈለ አይመለስም፣ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል" አለችኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደረሰኝ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊቱንም ጀርባውንም አሳየኋት፣ እንዲህ የሚል ነገር የለበትም። "እንግዲህ አሠራራችን ነው" አለች። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ አሰልጣኙን "ለ66 ዓመት ሴት ከምን ትጀምራለህ? እንዴትስ እያልክ ትጨምርላታለህ?" በይው። "ቀስ እያለች ትራመዳለች" ካለሽ ውልቅ ብለሽ ውጪ።

እኔ ቤቴ ጀመርኩ። ስፖርት የሚያስተምር የጎረቤት ልጅ ነው ያሳየኝ፣ እግዜር ይስጠው። ግድግዳ የተደገፈ ጠንካራ ወንበር፣ እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ፣ መነሳት መቀመጥ 10 ጊዜ፣ አርፎ እንደገና። መጀመሪያ ከሥሬ ትራስ አድርጌ ነበር፣ መቀመጫው ከፍ ሲል ይቀላል። ትራሱ ሲቀር ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አቀፍኩ፣ ከዚያ የ5 ሊትር ጀሪካን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ሚዛን አያስፈልግሽም። ለክንድ ደግሞ ግድግዳ እየገፉ ፑሽአፕ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ካልከበዷት ይጨመርላት፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይሁን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይሄንኑ ነው። ስታነሳ ትንፋሿን እንዳታፍን፣ በተለይ ግፊት ካለባት፤ ሐኪሟንም ቀድማ ታማክር። በማግስቱ ጡንቻዋን ቢያማት አትደንግጪ፣ መገጣጠሚያዋን ከወጋት ግን ታቁም።

አሁን ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ራሴ ነኝ የማወጣው። ልጆቼ "እማዬ ተይ" ይላሉ፣ እነሱ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለከልካሉ።

"አርጅቻለሁ፣ ተዪኝ" ካለችሽ ይሄን ንገሪያት፦ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው አረጋውያን ለ8 ሳምንት ክብደት ሠርተው የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

3. ምግቧን እዪ። ጾም ሲመጣ የእኛ ዕድሜ ሴቶች እንጀራ በጎመን፣ ማታ ሻይ በዳቦ ነው። ለዚህ ዕድሜ በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፣ 60 ኪሎ ከሆነች በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስርና የባቄላ ንፍሮ አይጥፋ። በፍስክ እንቁላል፣ አንዱ 6 ግራም ገደማ አለው። ኩላሊት ካለባት ግን ያለ ሐኪም እንዳትጨምሪ።

በምን ያህል ከፍታ ወንበር ላይ ያለ እጅ መነሳት እንደምትችል ሞክሪያትና ጻፊልኝ፣ ከየት እንደምትጀምር እነግርሻለሁ። የጂሙን ስም ደግሞ በውስጥ መስመር ጠይቂኝ።