የቤቴ ሰነድ እኔን ይከለክላል፤ ቤቱ የእኔ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ ቤት ከባለቤቴ ጋር ገዝተናል። ሰሞኑን ሪፋይናንስ ለማድረግ፣ ማለትም የቤቱን ብድር በአዲስ ብድር ለመተካት፣ ወረቀቶቹን ስናገላብጥ፣ የ16 ዓመት ልጃችን ከድሮው ሰነድ ላይ ቤቱ «የሞት መጠኑ ከነጭ ዘር ለሚበልጥ ዘር» እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚል ቃል አነበበልን። ጎረቤት ተነሥቶ ቢከሰን ቤቱን እንነጠቃለን? ቃሉን ማሰረዝስ ይቻላል? በዚያ ላይ ለብድሩ ሲባል የመጣው የዋጋ ገማች ለቤታችን የሰጠው ዋጋ በቅርቡ ከተሸጠው የጎረቤታችን ቤት በ90 ሺህ ዶላር ያንሳል፤ ቤቶቹ ግን እኩያ ናቸው። የአጎቴ ልጅ «ዝም በይ፣ ነገር አትቆስቁሺ» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ቤቱ የእናንተ ነው። በዚያ አንቀጽ ተነሥቶ ከቤታችሁ የሚያስወጣችሁ ጎረቤትም ዳኛም የለም። ዛሬ ማታ ይህንኑ ለልጅዎ ይንገሩት።

ያነበበው ቃል በእናንተ ቤት ብቻ ያለ አይደለም። በ1920ዎቹ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው መሬት እየሸነሸኑ የሚሸጡ ሰዎች ያንኑ ቃል በሰነድ ላይ ሰነድ እየደጋገሙ አስገብተውታል። አንቀጹ የሚጀምረው «ለንጽሕናና ለጤና ሲባል» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አሁንም እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ጥቁሮችን ከሐኪም ቤትና ከንጹሕ ሰፈር ያራቀው ሥርዓት፣ እሱ ራሱ ያባባሰውን ሞት መልሶ ለመከልከያ ምክንያት አደረገው።

የአንቀጹን ጉልበት የሰበረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1948 የተሰጠው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ሼሊ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ሴንት ሉዊስ ውስጥ ቤት ገዝተው ነበር፤ ጎረቤቶች በዚህ ዓይነት ውል ከሰሷቸው። በዚያው ቀን ከእናንተ ብዙም በማይርቀው በዋሽንግተን ዲሲው ብራያንት ስትሪት የተነሣ ተመሳሳይ ጉዳይም ተወሰነ፤ በዚያኛው የተከራከረው ታላቁ ጠበቃ ቻርልስ ሃሚልተን ሂዩስተን ነበር። ከዘጠኙ ዳኞች ሦስቱ በጉዳዩ አልተሰየሙም፤ የቀሩት ስድስቱ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ «ፍርድ ቤቶች ይህን ውል አያስፈጽሙም» አለ እንጂ ውሉን መጻፍ ወንጀል ነው አላለም። በዘር ምክንያት አልሸጥም፣ አላከራይም ማለትን የከለከለው ሰፊው የፌዴራል የቤት ሕግ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1968 ነው።

በመሐሉ ወረቀት ሳያስፈልግም ሰው ይከለከል ነበር። በ1957 ዝነኛው የቤዝቦል ተጫዋች ዊሊ ሜይስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተጠየቀውን 37,500 ዶላር ይዞ ቤት ሊገዛ ቢቀርብ፣ ሻጩ መጀመሪያ እምቢ አለው። ሻጩ ግንበኛ ነበር፤ ለጥቁር ከሸጥኩ ሥራ የሚሰጠኝ አላገኝም ብሎ ፈራ። የከተማው ከንቲባ ገብተውበት ነው በመጨረሻ የተሸጠለት። ይህን የማነሣው ነገሩ የአንድ ክፉ ጎረቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤት ብድር ዋስትና መሥሪያ ቤት ራሱ ለዓመታት እንዲህ ያሉ አንቀጾችን ያበረታታ ነበር።

ማሰረዝ ይቻላል። የሜሪላንድ ሕግ ባለቤቱ የድሮውን ሰነድ ግልባጭ፣ ሕገ ወጡ ቃል ተሰርዞበት፣ በካውንቲው ሰርኪት ፍርድ ቤት የመሬት መዝገብ እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል፤ ቀድሞ የካውንቲው ጠበቃ ያየዋል። ይህ የባለቤትነት መብታችሁንም ሆነ ብድራችሁን አይነካም። አስገዳጅ አይደለም፤ እኔ ግን አድርጉት እላለሁ። ሲሄዱ ልጅዎም አብሮ ይሂድ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግምቱ ነው። ዋጋ ማነሱ ብቻውን አድልዎን አያስረዳም፤ ስለዚህ ከቁጣ በፊት ወረቀት ይያዙ። የግምቱን ሪፖርት ግልባጭ ከአበዳሪው የማግኘት መብት አላችሁ። ሲደርሳችሁ ለማነጻጸሪያ የተወሰዱትን ቤቶች አድራሻ አንድ በአንድ ይዩ። አንድ ደንበኛዬ ስታይ፣ ገማቹ ከአጠገቧ የተሸጡትን ሁለት ቤቶች ዘሎ ከትልቁ መንገድ ማዶ ያሉትን ወስዷል፤ ያለቀለትን ምድር ቤቷንም «ያላለቀ» ብሎ ጽፎታል። እንዲህ ያለውን ስሕተት በጽሑፍ ዘርዝራችሁ አበዳሪው ግምቱን እንደገና እንዲያይ ጠይቁ፤ የጎረቤታችሁን ሽያጭ አያይዙ።

መልሱ ካላረካችሁና ዘር እንደገባበት የሚያሳይ ነገር ካለ፣ ለፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት፣ ለሀድ፣ በነፃ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ገደቡ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው። ፍርድ ቤት ለመሄድ ሁለት ዓመት አላችሁ። መብቱን በመጠየቁ ሰውን መበቀል በዚያው ሕግ የተከለከለ ነው፤ የአጎትዎ ልጅ የፈሩት ይህን ከሆነ ይህንን ያስረዷቸው። ሪፖርቱ የተጻፈበትን ቀን ዛሬውኑ አይተው ማስታወሻ ላይ ይጻፉት፤ ዝም ሲባል የሚያልፈው ይህ ጊዜ ነው።