ልደት በክረምት፣ ልደት በጾም፦ የአንባቢ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን ሰነበቱ። ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው የምኖረው፣ ልጄ ነሐሴ 8 ስድስት አመት ይሞላታል። አምና 40 ሰው ጠርቼ ከሌሊት ጀምሬ የጾም ወጥ ስሠራ አድሬ ልክ 9 ሰዓት ሲሆን ዝናቡ ወረደው፣ መብራትም ጠፋ፣ ሰው ሁሉ ሳሎን ታጭቆ ልጅቷ ኬኩ ሳይቆረስ እያለቀሰች ተኛች። አማቴም በፍልሰታ ምን ጭፈራ ነው ብለው አኩርፈውኝ ነበር። ዘንድሮ ልጅቷ ጓደኞቼን ጥሪልኝ እያለች ነው፣ እኔ ግን ከአሁኑ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ። አምና ያደከመሽ እኮ ልጅሽ አይደለችም፣ 40ው ሰው ነው። ልወቅስሽ አይደለም፣ እኛ ጋ ሰው ጠርቶ ሳያጠግቡ መሸኘት ነውር ስለሆነ ሁላችንም እንደዛው ነን። የስድስት አመት ልጅ ግን ሻማ ማጥፋትና ከጓደኞቿ ጋ መሯሯጥ ነው የምትፈልገው፣ ወጡን ዞራም አታየውም። ስለዚህ ትልልቆቹን ሌላ ቀን ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው፣ ልደቱን ለልጆቹ ተዪላቸው።

አማትሽን እኔ ብሆን አልከራከራቸውም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ያውም ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙትና የሚቆርቡበት ጾም ነው፣ የምትጠሪያቸው ልጆች ግማሾቹ እየጾሙ ይሆናል። ነሐሴ 8 ቤተሰቡ ብቻ ሆናችሁ ሻማዋን አብሩላት፣ ጓደኞቿን ደግሞ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጥሪላት። ታለቅሳለች ብለሽ አትፍሪ፣ ልጅ ቀኑን ካወቀች ትጠብቃለች፣ ወረቀት ላይ ሳጥን ሳጥን አድርገሽ አስምሪላትና ማታ ማታ አንድ አንድ ሳጥን ቀለም ትቀባ።

ለነሐሴ 8 የሚሆን የጾም ኬክ ልንገርሽ፣ እኔ ቤት ሁሌ የሚሠራ ነው። አንድ ተኩል ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ጨው ደባልቂ፣ ከዛ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶና አንድ ኩባያ ውሃ ጨምረሽ አማስይና 180 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን 30 ወይም 35 ደቂቃ። እንቁላልም ወተትም የለበትም፣ ሶዳውና አቼቶው ሲገናኙ የሚወጣው አየር ነው የሚያነፋው፣ ስለዚህ ካማሰልሽ በኋላ ስልክ አንስተሽ እንዳታወሪ፣ ቶሎ ኦቨን ውስጥ ይግባ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ኬክ ቶሎ ይነፋና መሀሉ ይሰምጣል፣ ብዙ ሰው ዱቄቱን ሲረግም የምሰማው በዚህ ነው። ሶዳውን በሩብ ቀንሺው። መብራት ባለበት ሰዓት፣ በዋዜማው ጋግሪና ጨርሺ።

የቅዳሜውን ድግስ ጠዋት አድርጊው፣ ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። በነሐሴ ዝናቡ የሚብሰው ከሰዓት ነው፣ ልጆቹም ጠዋት ነው ደስ የሚላቸው። የሚያልቅበትንም ሰዓት ለወላጆች ንገሪ፣ "መጥታችሁ ውሰዷቸው" ማለት አያሳፍርም። ስድስት ሰባት ልጅ ይበቃል። ሥጋ የሚባል ነገር አታስገቢ፣ ሰፈራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚኖርበት ስለሆነ አንዱ ልጅ ሲበላ ሌላው "ይሄ የኛ አይደለም" ተብሎ ሲከለከል ማየት አንጀቴን ነው የሚበላው። የምስር ሳምቡሳ፣ ሙዝ፣ ድፎ ዳቦ ካለ ሁሉም እኩል ይበላል። ውሃ ግን ሁለት ቀን ቀድመሽ በጀሪካን ሙዪ፣ የእጅ መታጠቢያ ብቻ ስንት እንደሚጨርስ ታዪዋለሽ።

ፈንዲሻ የሌለበት ልደት የለም አውቃለሁ፣ ነገር ግን ታናናሽ ወንድም እህት ተከትሎ ይመጣል፣ ከአራት አመት በታች ላለ ልጅ ፈንዲሻም ቆሎም ለውዝም ጉሮሮ ላይ ሊያንቅ ይችላል፣ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። ፊኛም እንደዛው፣ ሲፈነዳ ቁርጥራጩን ወዲያው ልቀሚ፣ ያልተነፋውንም አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት።

ጨዋታውን አታስጨንቂው፣ ኩኩሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ እንቆቅልሽ መብራት አይፈልጉም። ድንገት ጠዋትም ከዘነበ ካርቶን ሰብስበሽ አስቀምጪ። የኔ ልጅ አምስት ሲሞላው ከሱቅ ካርቶን ለምኜ ልጆቹን "የፋሲልን ግንብ ሥሩ" አልኳቸው፣ አራቱ ማዕዘን ላይ አራቱን ክብ ማማ እየተከፋፈሉ፣ የኔ ይበልጣል የኔ ይበልጣል እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ድምፃቸው አልተሰማም። ግንቡን ሳምንት ሙሉ ሳሎን አላፈርስም ብሎ አስቀምጦት ነበር።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው። ወንድ ልጄ አራት አመት ሊሞላው ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ሲዘፍንለት አልጋ ስር ይደበቃል። ልደቱን ልተወው?

መልስ፦ አትተወው ወንድሜ፣ ድምፁን ቀንሱለት እንጂ። አንተ ወይ እናቱ አቅፋችሁት ሁለት ሦስት የሚያውቃቸው ልጆች ብቻ ሆነው ቀስ ብለው ይዘምሩለት፣ ጭብጨባው ይቅር። ለፎቶ ብላችሁ ጎትታችሁ አታውጡት፣ ከፈለገ ሻማውን አልጋው ስር ሆኖ ያያት፣ ኬኩን እዛው ውሰድለትና አብረኸው ተቀምጠህ ብላ።