«ይጣራልን» ከማለትዎ በፊት

ለዚህ ዓምድ የሚላኩትን የ«እውነት ነው ወይ?» ጥያቄዎች ሁሉንም እንመልሳለን፤ አንዳንዱን መልስ ሰጥተን፣ አንዳንዱን ደግሞ ወደ ላኪው። በዚህ እትም ጥያቄያቸው የተመለሰባቸው አንባቢዎች «ለምን?» ብለው የጻፉትን ይዘን ቀርበናል።

ጥያቄ፦ «የዓባይ ግድብ በአፍሪካ ትልቁ ግድብ ነው» የሚለውን እንድታጣሩልኝ ብልክ «ጥያቄው አልተሟላም» አላችሁኝ። ከዚህ በላይ ምን ይሟላ?

መልስ፦ የጎደለው «በምን?» የሚለው ነው። የግድብ ትልቅነት በሚያመነጨው ኃይል፣ በከፍታው ወይም በሚይዘው ውሃ ሊለካ ይችላል፤ መለኪያው ሲቀየር መልሱም ይገለበጣል። በማመንጨት አቅም ከሆነ የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው። 2,100 ሜጋዋት ያለውን የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ከአፍሪካም የሚስተካከለው የለም። በከፍታ ከሆነ ግን 145 ሜትር ነው። እንኳን ከአፍሪካ፣ ከአገር ቤትም አንደኛ አይሆንም፤ ተከዜ 188 ሜትር፣ ግልገል ጊቤ ሦስት ደግሞ ከ240 ሜትር በላይ ነው። በውሃው ከመጣን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው ካሪባ ግን 180 ቢሊዮን ገደማ። ያው አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ እውነት፣ ሁለት ጊዜ ስሕተት ሆነ።

«ታዲያ ይህንኑ ጽፋችሁ አታወጡትም ነበር?» ይሉን ይሆናል። ችግሩ ሰው የሚያስተላልፈው ማብራሪያውን ሳይሆን ፍርዱን መሆኑ ነው። «እውነት» የምትለዋ መስመር ብቻ በስክሪንሾት ተቆርጣ ትዞራለች፤ በማግስቱ ስለ ከፍታው ለሚከራከር ሰው ማስረጃ ትሆናለች። ስለዚህ የምናጣራው ርዕሰ ጉዳይን ሳይሆን አንድ ሰው በአደባባይ የተናገረውን ቃል ነው። ማን አለው? የት? መቼ? በምን ቃል? ከንግግር የተወሰደ ከሆነ ቪዲዮው ስንተኛ ደቂቃ ላይ እንደሆነ፣ ከጋዜጣ ከሆነ እትሙንና ገጹን ይላኩልን። ተናጋሪው «ከትልልቆቹ አንዱ» ብሎ፣ አድማጩ «ትልቁ» ብሎ ማውራቱ በጣም የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስሕተቱ የአድማጩ ነው፤ ዋናውን ቃል ሳናይ ተናጋሪውን ብንከስ ሐሰት ያሰራጨነው እኛው እንሆናለን። «ሰው ሁሉ ይለዋል» ደግሞ ለእኛ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ነው።

ጥያቄ፦ ካልዲ የሚባል እረኛ ፍየሎቹ ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን በ9ኛው ክፍለ ዘመን አገኘ ይባላል። ይህንንስ ለምን መለሳችሁት?

መልስ፦ አንድን ጥያቄ ከመቀበላችን በፊት እርስ በርስ የምንጠያየቀው ነገር አለ፦ ይህ ነገር ሐሰት ቢሆን፣ ሐሰትነቱን የሚያሳየን ምን ሊሆን ይችላል? ከሺህ ዓመት በፊት ጫካ ውስጥ ፍየል ፈንጥዞ እንደሆነ የሚመሰክርም የሚያስተባብልም ሰነድ የለም። እንዲህ ያለውን «ሐሰት» ማለትም «እውነት» ማለትም አንችልም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ይጠገናል። «ካልዲ ነበረ ወይ?» የሚለውን ትተው «ታሪኩ ተጽፎ የተገኘው መጀመሪያ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህኛው መልስ አለው። በጽሑፍ የሚታወቀው የመጀመሪያው የእረኛው ታሪክ ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ምሁር በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነው። ተፈጸመ ከተባለበት ዘመን 800 ዓመት ያህል ዘግይቷል ማለት ነው፤ በዚያ ላይ «ካልዲ» የሚል ስም የለበትም። አንባቢ ከዚህ የራሱን ግምት መውሰድ ይችላል። አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ፦ የአረቢካ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው የሚለው ሌላ አባባል ነው። ማስረጃው ከተረት ሳይሆን ከዕፅዋት ጥናት ስለሚመጣ የእረኛው ታሪክ ቢወድቅ አብሮ አይወድቅም።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም የደረሰኝን የጎርፍ ፎቶ በስክሪንሾት ልኬላችሁ «ሊንኩን ላኩ» አላችሁኝ። ፎቶው ካለ ሊንክ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ስክሪንሾቱን ሲያነሱ ላዩን ቆርጠውታል፤ የቻናሉ ስምም ከዚያው ጋር ሄዷል። ሊንኩ ካለ ማን እንደለጠፈውና መቼ እንደለጠፈው እናያለን። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ስለሚያሳንሰው ካሜራው የመዘገበው ቀንና ቦታም ይጠፋል። ፎቶውን ያነሱት እርስዎ ራስዎ ከሆኑ «ፋይል» አድርገው ይላኩት፤ ያን ጊዜ መረጃው አይነካም። ከሌላ ሰው በፎቶ መልክ የደረሰዎት ከሆነ ግን አንዴ ጠፍቷልና በፋይል ቢልኩትም አይመለስም።

ከመላክዎ በፊት ፎቶ ሰጥተውት ያው ፎቶ የት እንደወጣ በሚፈልገው በጎግል ሌንስ ይፈልጉት። በፎቶው ላይ የተጻፈ ጽሑፍና አርማ ካለ ከርክመው ያውጡት፤ ፍለጋው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በእሱ ነው። ቪዲዮ ከሆነ የሱቅ ታፔላ፣ የመኪና ታርጋ ወይም የተራራ ቅርጽ የሚታይባቸውን ሦስት አራት ቦታዎች አቁመው ስክሪንሾት ያንሱና እነሱን ይፈልጉ። ከውጤቱ ውስጥ የሚጠቅመው ከላይ የመጣው ሳይሆን ከሁሉ ቀድሞ የታተመው ነው። ፎቶው ጎርፉ ደረሰ ከተባለበት ቀን በፊት ታትሞ ከተገኘ ነገሩ አለቀ፤ ወደ እኛ መላክም አያስፈልግዎትም። ምንም ካልተገኘ ግን «አዲስ ነው» ማለት አይደለም፤ አልተገኘም ማለት ብቻ ነው።

ቀኑን ሲጽፉ ደግሞ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹልን። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. በውጭው ሐምሌ 2021 ነው፤ «2013» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበትን የስምንት ዓመት አሮጌ ፎቶ ሰው የ2013 ዓ.ም. ክረምት አድርጎ የሚያዞረው በዚህ ነው። ሰዓትም እንደዚሁ ያስታል። ቴሌግራም የሚያሳየው የተመልካቹን ስልክ ሰዓት ስለሆነ ዋሽንግተን ላይ የተነሳ ስክሪንሾት ከአዲስ አበባ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። «ልጥፉ አደጋው ከመድረሱ በፊት ወጥቷል» ብሎ ሴራ የሚያይ ሰው አንዳንዴ ያየው ይህንኑ ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ «የዶላር ዋጋ በሚቀጥለው ወር ይወርዳል»፤ «ጎረቤታችን በሐሰተኛ ዲግሪ ነው የተቀጠረው»፤ «ከሁሉ የሚጣፍጠው የጉራጌ ክትፎ ነው»። ሦስቱንም አልተቀበላችሁም።

መልስ፦ የመጀመሪያው ገና ያልሆነ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ሰው «አምና ይወርዳል ብዬ ነበር» የሚል ከሆነ፣ ማለቱንና አለማለቱን እናጣራለን። ሁለተኛው የግለሰብ ጉዳይ ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ለቀጣሪው ይቀርባል እንጂ መጽሔት ላይ አይወጣም። ሦስተኛውን ለመቅመስ ፈቃደኞች ነን።

ጥያቄ፦ «የሎሚ ጭማቂ ካንሰርን ይገድላል፤ ሐኪሞች ግን ይደብቁታል» የሚል ድምፅ በየቤተሰብ ግሩፑ ይዞራል። እናቴ ታማለች፤ ትጠጣው ወይ?

መልስ፦ እዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። «ካንሰርን ይገድላል» የሚለውን እንቀበላለን፤ ብዙ ሰው ሰምቶታል፣ አምኖ ሕክምናውን የሚያቋርጥም ሊኖር ይችላል። ስናጣራ መጀመሪያ የምናየው ጥናት ካለ በምን ላይ እንደተሠራ ነው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያለን የካንሰር ሕዋስ የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ በረኪናም ይገድለዋል። በሰው ላይ ተሞክሮ በሽታው መዳኑን የሚያሳይ ማስረጃ ግን ለሎሚ የለም።

«ሐኪሞች ይደብቁታል» የሚለውን አንቀበልም። ማስረጃ ሲጠፋ «አዩ፣ ደብቀውታል» ስለሚባል፣ ምንም ብናቀርብ ሐሰትነቱን ማሳየት አይቻልም። ተናጋሪው የሐኪም ወይም የሆስፒታል ስም ጠርቶ ከሆነ ግን ያንን ክፍል ለይተው ይላኩልን፤ እሱ ይጣራል።

እናትዎ ይጠጡት ወይ የሚለው የእኛ አይደለም። የሚወስዱትን መድኃኒት የሚያውቀው ሐኪማቸው ነው። ድምፁን በስልክዎ ይያዙና በሚቀጥለው ቀጠሮ ያሰሙት፤ እስከዚያው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ።