ቲክ ታክ ቶ፦ የኮምፒውተሩን ከባድ ደረጃ ማሸነፍ ይቻላል?

ወንድማችን የለጠፈው ጥያቄ «ስልኬ ላይ ቲክ ታክ ቶ ስጫወት ቀላሉን ደረጃ አሸንፋለሁ፤ ከባዱን ግን አንዴም አሸንፌ አላውቅም። ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል ወይስ የማላውቀው ዘዴ አለ?» የሚል ነው።

አያጭበረብርም። ቲክ ታክ ቶ ሁለት ሰዎች በዘጠኝ ሳጥን ሰሌዳ ላይ በየተራ ምልክት እያስቀመጡ፣ በአግድም፣ በቁም ወይም በሰያፍ ሦስት የራሱን ምልክት ቀድሞ የደረደረ የሚያሸንፍበት ነው፤ ሁለቱም ካልተሳሳቱ ይህ ጨዋታ ማንም ይጀምር ማን የሚያልቀው በአቻ ነው። ሊካሄዱ የሚችሉት ጨዋታዎች በሙሉ 255,168 ናቸው፤ ስልክ ይህን ሁሉ በቅጽበት ፈትሾ ይጨርሳል። በ1952 እ.ኤ.አ. እንኳን ሳንዲ ዳግላስ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ኤድሳክ ኮምፒውተር ላይ ይህንኑ ጨዋታ ሠርቶ ነበር፤ ተጫዋቹ የሳጥኑን ቁጥር የሚያስገባው በሚሽከረከር የስልክ መደወያ ነው። ስለዚህ ከባዱ ደረጃ ላይ አቻ መውጣት ሙሉ ውጤት ነው። መሸነፍ ግን የለብህም። ከዚያ በታች ያሉት ደረጃዎች ሆን ተብሎ እንዲሳሳቱ ስለሚደረጉ ሥራህ ስህተታቸውን መጠበቅና ሳያመልጥህ መቅጣት ነው።

ሳጥኖቹን እንደ ስልክ ቁልፍ እንቁጠራቸው፦ ከላይ 1፣ 2፣ 3፤ መካከል 4፣ 5፣ 6፤ ከታች 7፣ 8፣ 9።

ብዙ ሰው «መሃሉን ያዝ» ብሎ ይመክራል፤ 5 ከስምንቱ መስመሮች አራቱን ስለሚነካ ነው። ለማሸነፍ ከሆነ ግን እኔ በዚህ አልስማማም። አንተ 5ን ስትይዝ ኮምፒውተሩ አራቱም ጥጎች መዳኛ ይሆኑለታል። ጥግ ስትጀምር ግን ከቀሩት ስምንት ሳጥኖች የሚያድነው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም 5። ቀላሉ ደረጃ በዘፈቀደ የሚያስቀምጥ ከሆነ ከስምንት ሰባት ጊዜ ገና በመጀመሪያ መልሱ ተሸነፈ ማለት ነው።

እንዴት እንደሚቀጣ እነሆ። 1 ላይ ጀምረህ እሱ 2 ላይ ቢያስቀምጥ፣ 5ን ያዝ። 9ን ለመዝጋት ይገደዳል። ከዚያ 7 ላይ አስቀምጥ፤ 4 እና 3 ሁለቱም ማሸነፊያ ሆነውልሃል፣ እሱ መዝጋት የሚችለው አንዱን ነው። በተቃራኒው ጥግ በ9 ከመለሰ 3ን ያዝ፤ 2ን ሲዘጋ 7፣ ከዚያ 4 ወይም 5። 3 ላይ ከመለሰ ደግሞ 7ን ያዝ፤ 4ን ሲዘጋ 9፣ ከዚያ 5 ወይም 8። 6 ላይ ከሆነ 3፤ 2ን ሲዘጋ 5፣ ከዚያ 7 ወይም 9። 4፣ 7 እና 8 የ2፣ የ3 እና የ6 መስተዋት ናቸው፤ ሰሌዳውን አዙረህ እየው።

በ5 በትክክል ከመለሰስ? ያኔ 9 ላይ አስቀምጥ። አሁን ጥግ፣ ማለትም 3 ወይም 7፣ ከያዘ አለቀለት፤ 3ን ከያዘ 7ን ትዘጋለህ፣ በዚያው 4 እና 8 ይከፈቱልሃል። ጎን ከያዘ (2፣ 4፣ 6 ወይም 8) ጨዋታው ወደ አቻ ይሄዳል፤ ለምሳሌ በ2 ከመጣ ወዲያው 8ን ዝጋ።

ኮምፒውተሩ ሲጀምር ይኸው ወጥመድ በአንተ ላይ ይዞራል። ጥግ ከያዘ 5ን ያዝ፤ ቀጥሎ ተቃራኒውን ጥግ ሲይዝ አንተ ጎን እንጂ ጥግ እንዳትነካ። ሰው ከሁሉ በላይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ጥግ ሁሌ ጥሩ ይመስለዋልና። 1 እና 8ን ከያዘ 7ን ያዝ፤ 2 ወይም 3ን ከመረጥክ ግን በ7 ይጨርስሃል። በ5 ከጀመረ ጥግ ያዝ፣ ጎን ከያዝክ ተሸንፈሃል። አንተ 1ን ይዘህ እሱ 9ን ሲጨምር ደግሞ መዳኛህ 3 ወይም 7 ነው። ከጎን፣ ለምሳሌ ከ2፣ ጀምሮ 5ን ስትይዝበት 4ን ቢጨምር፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን ጥግ 1ን ቶሎ ያዝ።

በየተራው ቅደም ተከተሉን አታዛባ፦ መጀመሪያ መስመር የሚሞላልህን የራስህን ሦስተኛ ምልክት ፈልግ፣ ከሌለ የእሱን ዝጋ፣ ድርብ ወጥመድ (በአንዴ ሁለት ማሸነፊያ መክፈት) ማሰብ ከዚያ በኋላ ነው። ወጥመድ እየሠራ ሳለ የተከፈተ መስመር ረስቶ የሚሸነፍ ብዙ ነው። አንድ ሌላ ነገር፦ ለአንድ አጀማመር ሁሌ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ካጋጠመህ፣ አንዴ ያሸነፍክበትን መንገድ ሳትለውጥ ድገመው፤ ዘፈቀደ ከሌለበት ያው ነው።

ፕሮግራሙን ራሳችሁ ለምትጽፉ ደግሞ፦ ሚኒማክስ የሚባለው የኮምፒውተሩን ምርጥ እርምጃ የሚፈልግ ስልት ለማሸነፍ 10፣ ለመሸነፍ ከዜሮ በታች 10፣ ለአቻ 0 እየሰጠ ሁሉንም መንገድ ይሞክራል። የተለመደው ችግር ኮምፒውተሩ በአንድ ምልክት መጨረስ ሲችል ሌላ ቦታ ማስቀመጡ ነው። አሁን ማሸነፍና ከሁለት ተራ በኋላ ማሸነፍ ለእሱ እኩል 10 ስለሆኑ ነው። ከማሸነፊያው ነጥብ ላይ የተራውን ብዛት ቀንሱለት፣ ለመሸነፊያው ደምሩለት፤ ይስተካከላል። ለሙከራ ያስቀመጠውን ምልክት መልሶ ማንሳቱንም አረጋግጡ። ሰሌዳው መሙላቱን ከማየት በፊት ደግሞ አሸናፊ መኖሩ ይታይ፤ ያለዚያ በዘጠነኛው ምልክት የተገኘ ድል አቻ ተብሎ ይመዘገባል።