ያረጀ ግሪን ካርድ ያላችሁ ጠይቁኝ

አሜሪካ ረጅም ዓመት የኖሩ ወላጆች ጉዳይ ሰሞኑን በጣም እየተጠየቀ ነው። ለዓመታት ፎርም በመሙላት ሰው ሳግዝ ስለቆየሁ የማውቀውን እመልሳለሁ። ጠበቃ ግን አይደለሁም። ዓመተ ምህረቱን በፈረንጆቹ ውሰዱት።

እናቴ በ1986 ያገኘችው ካርድ ማብቂያ ቀን የለውም። ይሠራል?

ይሠራል። ከ1977 እስከ ኦገስት 1989 የወጡት አይ-551 የሚባሉት ግሪን ካርዶች ማብቂያ ቀን አልተጻፈባቸውም፣ እስካሁንም ሕጋዊ ናቸው። ከዚያ የሚቀድመው አይ-151 ግን ከማርች 1996 ወዲህ አይሠራም። ቢሆንም እናትሽ ይቀይሩት እላለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ አጅቤ ሄድኩ። ካርዳቸውን ከመሀረብ ፈትተው መስኮቱ ላይ ለምትሠራው ልጅ ሲሰጧት አገላብጣ አየችውና "ይሄ ምንድነው?" አለቻቸው። ፎቶው ላይ ያለችው ፊቷን ዞር አድርጋ ቀኝ ጆሮዋን ያሳየች ባለ አፍሮ ወጣት ናት፤ ያኔ ፎቶ የሚነሱት እንደዚያ ነበር። መስኮቱ ላይ የቆሙት ደግሞ ነጠላ የለበሱ አያት ናቸው። ያን ቀን ባዶ እጃችንን ተመለስን። ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነበር፣ ግን ለልጅቷ ማን ያስረዳት?

ካርዴ ካለፈበት 6 ዓመት ሆነ። የመኖሪያ ፈቃዴ ተቃጠለ ማለት ነው?

አልተቃጠለም ወንድሜ። ጊዜው ያለፈው ካርዱ ነው፣ ቋሚ ነዋሪነትህ አይደለም። ይሄን የማያውቅ ስንት ሰው በፍርሃት ተደብቆ ይኖራል! ግን 18 ዓመት የሞላው ሁሉ የሚሠራ ካርድ መያዝ በሕግ ግዴታው ስለሆነ ዛሬ ነገ አትበል። የካርድ ማሳደሻውን ፎርም አይ-90 ሙላ። ኦንላይን 415 ዶላር፣ በወረቀት 465 ነው። የዘገየህበት ቅጣት የለም። አቅም ከሌለህ አይ-912 ሞልተህ ክፍያው እንዲቀርልህ መጠየቅ ትችላለህ። የሚልኩልህ ደረሰኝ ካርዱን 36 ወር ያራዝማል፣ ግን የሚቆጠረው ካርዱ ላይ ካለው ማብቂያ ቀን ስለሆነ አንተን አይሸፍንህም። አንተ ኢሚግሬሽን ደውለህ ቀጠሮ ያዝና ፓስፖርትህ ላይ ጊዜያዊ ማህተም ይምቱልህ።

አለቃዬ ካርድሽ ስላለፈ አዲስ አምጪ አለኝ።

ስትቀጠሪ የሚሠራ ግሪን ካርድ አሳይተሽ ከሆነ፣ ካርዱ ስላለፈ ብቻ ድጋሚ ሊጠይቅሽ አይገባም። በትህትና ንገሪው።

የአባቴ የልደት ቀን ካርዱ ላይ ተሳስቷል። አሁን ይስተካከላል?

ይሄ የብዙዎቻችን ቁስል ነው። ሱዳን የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ቀኑን የማያውቅ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎለታል። የአበሻው ዓመት እንዳለ የተገለበጠበትም አለ፤ በእኛ 1950 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 1957 ወይም 1958 ነው፣ ወረቀቱ 1950 ካለ ግን ሰውዬው በአንድ ብዕር 7 ወይም 8 ዓመት አረጀ። የሞላችሁት ትክክል ሆኖ ያተሙት እነሱ ከተሳሳቱ፣ አይ-90 ያለ ክፍያ ትሞላላችሁ፣ የተሳሳተውንም ካርድ ትመልሳላችሁ። ስህተቱ ከመጀመሪያው በእናንተ በኩል ከሆነ ክፍያም የልደት ማስረጃም አለው። ብቻ ከዜግነት በፊት ጨርሱት። መሐላ ከተፈጸመ በኋላ ሰርተፊኬቱን ማስቀየር እጅግ ከባድ ነው።

ከ20 ዓመት በፊት ተከስሼ ጥፋተኛ ተብያለሁ። ልሙላ?

ቆይ፣ አሁን አትሙላ። አይ-90 ስታስገባ አሻራህ ይጣራል፣ የድሮው ፋይልም ይወጣል። ቀላል የመሰለች ክስ ከአገር ልታስወጣ ትችላለች። መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን መዝገብ አውጣና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂድ። እስከዚያ ከአገር አትውጣ። ጎረቤትም ሆነ እኔ ያልንህ ለዚህ አይበቃም።

አባባ አዲስ አበባ ከሄዱ 14 ወር ሆናቸው።

ከመሄዳቸው በፊት ለ2 ዓመት የሚሰጠውን የመመለሻ ፈቃድ ካላመለከቱ፣ ከ1 ዓመት በላይ ስለቆዩ ካርዱ ብቻውን አይመልሳቸውም። ኤምባሲው ጋ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ይጠይቁ፣ ያዘገያቸውን ምክንያት በማስረጃ ይያዙ። ኤርፖርት ላይ አይ-407 የሚባል ወረቀት ቢያቀርቡላቸው እንዳይፈርሙ ደጋግመህ ንገራቸው። እሱ ነዋሪነቴን ትቻለሁ የሚል ፊርማ ነው። ካልፈረሙ ጉዳያቸውን ዳኛ ፊት የማቅረብ መብት አላቸው።

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፣ እንግሊዝኛ አይችሉም። ካርድ ይቀይሩ ወይስ ዜግነት?

ዜግነት! በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረና 50 ዓመት የሞላው፣ ወይም 15 ዓመት የኖረና 55 የሞላው፣ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ነው። በአስተርጓሚ በአማርኛ ይፈተናል። 65 ሞልቶ 20 ዓመት ከኖረ ደግሞ የሚያጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው። ማመልከቻው ኤን-400 ኦንላይን 710 ዶላር ነው፣ ገቢው ዝቅ ላለ 380። ደረሰኙ ራሱ ካርዱን 24 ወር ስለሚያራዝም ብዙ ጊዜ አይ-90 ላይ ሌላ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ ቅር ይላቸው ይሆናል፣ ይገባኛል። ግን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ አገር ይገባሉ፣ ይኖራሉም። መምረጥ ግን አይችሉም። ለፈተናው ሃያዎቹን ጥያቄዎች በአንተው ድምፅ በአማርኛ ቀድተህ ስልካቸው ላይ ጫንላቸው። ዓይናቸው ለደከመ ሰው ከወረቀቱ ይልቅ ጆሮ ይቀናል።