ልጆቼ፣ ያን የገና ዋዜማ አስታውሱልኝ

እንደምን አላችሁ ልጆቼ። ዋሽንግተን አካባቢ ከ25 ዓመት በላይ ኢመርጀንሲ ውስጥ ነርስ ሆኜ ሰርቼ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን ከእናንተ እኩዮች ጋር ቡና ላይ ስናወራ አንዷ "እማማ፣ ፖሊስ እኮ ሁሉም አንድ ነው" አለችኝ፣ ቤቴ ገብቼም ነገሩ አላስተኛኝ አለ።

እኔም ፖሊስ እየወደድኩ አይደለም ያደግኩት። የደርግ ዘመን ልጅ ዩኒፎርም ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እዚህም መጥቼ ልጄን ያለጥፋቱ ከመኪና አስወርደው መንገድ ዳር አስቀምጠውታል፣ ያቺን ማታ አልረሳትም። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ሲገደል አልቅሻለሁ፣ ፍትህ ብለው አደባባይ የወጡት ልጆችም እውነት ነበራቸው። ይሄንን ማንም እንዳያስረሳችሁ።

ግን ጃንዋሪ 6፣ 2021ን ደግሞ አስቡት። የኛ የገና ዋዜማ ነበር፣ ለዶሮው ሽንኩርት እየከተፍኩ ቲቪ ከፍቼ ነበር፣ የትራምፕ ደጋፊዎች አጥር ጥሰው የአሜሪካን ምክር ቤት ህንፃ፣ ካፒቶልን፣ ሲወሩ አየሁና ቢላውን አስቀመጥኩት። ከተማው ውስጥ ከማታው 12 ሰዓት ጀምሮ ሰዓት እላፊ ታወጀ።

በኋላ የወጣውን የካፒቶል ፖሊሱን የዩጂን ጉድማንን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት። ብቻውን ነው፣ መንጋው እየጮኸ ደረጃውን ይወጣበታል፣ እሱ ወደኋላ ያፈገፍጋል። ላይ ሲደርስ በግራ በኩል ወደ ሴኔቱ መግቢያ ዞር ብሎ አየ፣ ከዛ የፊተኛውን ሰውዬ ገፋ አርጎ በተቃራኒው በኩል ሄደ፣ መንጋውም ተከተለው። ጥይት አልተኮሰም። ራሱን ነው ማባበያ ያረገው። ኢመርጀንሲ ውስጥ እንደዛ ያለች ቅጽበት አውቃታለሁ፣ እጅ የሚሰራውን አፍ በኋላም አይናገረውም።

አኩዊሊኖ ጎኔል የሚባለው የካፒቶል ፖሊስ ደግሞ እንደኛው ስደተኛ ነው፣ በልጅነቱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ መጥቶ ኢራቅ ዘምቶ የተመለሰ። በባንዲራ እንጨት ደበደቡት፣ ትከሻውና እግሩ ተጎድቶ በመጨረሻ ስራውን ለቀቀ። ሌላውን ፖሊስ ዳንኤል ሆጅስን በር ላይ ጨፍልቀውት ሲጮህ ሰምታችኋል። 140 ገደማ ፖሊሶች ናቸው የተጎዱት። ከዛ በኋላ ደግሞ ውሸታም ያሏቸው ሰዎች ነበሩ፣ በ2025 ጃንዋሪም በዚያ ቀን ጉዳይ ለተከሰሱ 1500 ለሚሆኑ ሰዎች ምህረት ተደረገ። እኔን ያመመኝ ይሄ ነው፣ ግማሹ ፖሊስን በጅምላ ይሰድባል፣ ፖሊስ እንወዳለን ከሚሉትም ውስጥ ያን ቀን የደበደቡት ነበሩበት፣ መሀል ላይ የቆመው ሰውዬ የማንም አልሆነም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ያጠፋውን ፖሊስ በስሙ ጠርታችሁ ክሰሱት፣ ቪዲዮ ቅረጹ፣ እኔም አብሬያችሁ እቆማለሁ። ፖስት ከማረጋችሁ በፊት ግን ቪዲዮውን ከመጀመሪያው እዩት። በማታ ሺፍት የሰከረ በሽተኛ እኔን ሊመታ ሲነሳ መሀል ገብቶ ፊቱ ላይ የተመታልኝ አንድ ወጣት ፖሊስ ነበር፣ ደሙን ጠርጌለት፣ ሌላ በሽተኛ መጣና ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። በገና ሌሊት ቤተክርስቲያናችን በር ላይ በብርዱ ቆሞ መኪና የሚያሳልፍ ፖሊስ ካያችሁ ትኩስ ሻይ ውሰዱለት፣ ስሙንም ጠይቁት።