«ችግር የማያጣው» አውሮፕላን ላይ ልመደብ ወይስ ልሽሽ?

ጥያቄ፦ «የአውሮፕላን ጥገና ሥልጠናዬን ልጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ተወልጄ ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። ለተግባር ልምምድ ቦይንግ 737 ወይም ቦይንግ 787 የመምረጥ ዕድል አለኝ። አጎቴ የድሮ መካኒክ ናቸው። ‹787 ችግር አያጣውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ስታነቢ ታድሪያለሽ፣ እጅሽም ሥራ አይለምድም። አንድ ነገር ቢፈጠር ደግሞ የሚጠየቀው የፈረመው ነው› ይሉኛል። እናቴ ከመጋቢት 2011ዱ አደጋ ወዲህ ሙያውን ራሱ ፈርታዋለች። ወደፊት ውጭ አገር መሥራት እፈልጋለሁ። የቱን ልምረጥ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፤ 787ን ምረጪ። ምክንያቴን ግን ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አጎትሽ ያሉት ነገር ግማሹ እውነት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሪምላይነር (የ787 ሌላ ስሙ ነው) አዲስ አበባ የገባው በኦገስት 2012 ነው። ከጃፓን ውጭ ይህን አውሮፕላን መጀመሪያ የተረከበው የእኛው አየር መንገድ ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ ግን በዓለም ላይ የነበሩት 50 አውሮፕላኖች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። መነሻው ባትሪ ነው።

ጃንዋሪ 7 ቀን 2013 ቦስተን የሆነውን ላንቺ ብዬ በዝርዝር ልጻፈው። አንድ የጃፓን አየር መንገድ 787 ከቶኪዮ ገብቶ መንገደኞቹን አውርዷል። አየር መንገዱ ከተረከበው ገና 18 ቀኑ ነው፤ አዲስ ዕቃ ማለት ነው። የጽዳት ሠራተኞች ከኋላ በኩል ጭስ አዩ። በዚያው ሰዓት ኮክፒት ውስጥ የነበረ የጥገና ኃላፊ ኤፒዩው በራሱ መጥፋቱን አስተዋለ። (ኤፒዩ ማለት ጭራው ውስጥ ያለችው፣ አውሮፕላኑ ሲቆም መብራት የምትሰጠው ትንሽ ሞተር ናት። አንቺ ታውቂያታለሽ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ብዬ ነው።) አንድ መካኒክ ሄዶ የኋላውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ከፈተ። ከባትሪው ሳጥን ክዳን ከባድ ጭስ ይወጣል። ከፊት ለፊቱ፣ ሽቦው የሚሰካበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ነበልባል ይታያል። የአሜሪካ መርማሪዎች የባትሪውን ታሪክ የጀመሩት ከዚህ ነው፤ አንድ መካኒክ በር ከፍቶ ካየውና በግልጽ ከተናገረው ነገር።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጃፓን ውስጥ ሌላ 787 በበረራ ላይ የባትሪ ችግር ገጥሞት ታካማትሱ ላይ በድንገት አረፈ። እገዳው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ቦይንግ በባትሪው ሴሎች መካከል መከላከያ ጨመረ፣ ባትሪውን በማይዝግ ብረት ሳጥን ውስጥ ከተተው፣ ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቧንቧም ሠራለት። ኤፕሪል 27 ቀን ከእገዳው በኋላ መንገደኛ ይዞ መጀመሪያ የተነሳው 787 የእኛው ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ።

እፎይታው ብዙ አልቆየም። ጁላይ 12 ቀን «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የኢትዮጵያ 787 ለንደን ሂትሮው ላይ ቆማ፣ ውስጧ ማንም ሳይኖር፣ ከጭራዋ አጠገብ ጣሪያዋ በእሳት ተያያዘ። ሰው ሁሉ ያንኑ ባትሪ ጠረጠረ። የብሪታንያ መርማሪዎች ያገኙት ግን ሌላ ነው። አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም አንድ ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ አለ። የሱ ባትሪ ሽቦዎች ክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። ያቺ ቁንጥጫ ናት አውሮፕላኑን ያቃጠለችው። አውሮፕላኗ እዚያው ተጠግና በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወደ ሥራ ተመለሰች።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። «ችግር ያለበት አውሮፕላን» ሲባል ለቴክኒሺያን ምን ማለት እንደሆነ እንድታይው ነው። የሂትሮውን ታሪክ የሚያውቅ ልጅ ማንኛውንም ክዳን ከመዝጋቱ በፊት ሽቦው የት እንዳለ በእጁ ይፈትሻል። ማንም ሳያዘው።

አሁን አጎትሽ «እጅሽ ሥራ አይለምድም» ስላሉት። እውነት ነው፣ 787 ላይ ኮምፒውተር ፊት ብዙ ትቀመጫለሽ። በሌሎች ጄቶች ከሞተሩ በሚመጣ አየር የሚሠራው ብዙ ነገር እዚህ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ሞተር ሁለት ትልልቅ ጀነሬተር ይይዛል። ካቢኑን በአየር የሚሞሉት ኮምፕሬሰሮች በኤሌክትሪክ ናቸው፤ ፍሬኑም እንደዚሁ። ስለዚህ ብልሽቱ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። በ2015 የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ያወጣውን መመሪያ ተመልከቺ። 787 ለ248 ቀን ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ከቆየ፣ በጀነሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ቆጣሪ ይሞላና ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ። ያ ማለት አየር ላይም ቢሆን መብራት ማጣት ነው። መፍትሔው ምን ነበር? ቢበዛ በየ120 ቀኑ አጥፍቶ ማብራት። ለአንድ ቴክኒሺያን ይህ ቀላል ሥራ ይመስላል። ግን ለምን እንደሚያጠፋው የገባውና ዝም ብሎ ታስክ ካርዱን (የሥራ ትእዛዝ ወረቀቱን) የሚከተል ሰው አንድ አይደሉም። ቀጣሪዎች ይህን ልዩነት በአንድ ቃለ መጠይቅ ይለዩታል።

እጅም ቢሆን ሥራ አያጣም። የ787 ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት (በሙጫ የተጣበቀ የካርቦን ክር ንብርብር) ነው። የምግብ ወይም የሻንጣ መኪና የአሉሚኒየም አውሮፕላን ቢነካ ስርጉዱ ይታያል። ኮምፖዚት ላይ ግን ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ተላቆ ሊሆን ይችላል። በአልትራሳውንድ መፈተሽ፣ ጉዳቱን መለካት፣ ንብርብሩን ቆርጦ መጠገን ይጠይቃል። ይህ እጅ የሚፈልግ ሙያ ነው፤ ደህና አድርጎ የሚሠራው ሰውም ተፈላጊ ነው። አንዳንድ 787ዎች የሚጠቀሙበት ትሬንት 1000 የተባለው ሞተርም የተርባይን ምላጩ ቶሎ እየተበላ ብዙ አየር መንገዶችን አስቸግሯል፤ ሞተር ጠባቂ ሆነው የቆሙ አውሮፕላኖች ነበሩ። እንዲህ ያለ ችግር ሲመጣ ሞተሩን በቦረስኮፕ (ወደ ሞተሩ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ውስጥ ውስጡን የሚያዩት ቴክኒሺያኖች ሥራ ይበዛባቸዋል። ልምድ የሚገኘውም ያኔ ነው።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። «የሚጠየቀው የፈረመው ነው» የሚለው።

አጎትሽ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ግን ይህ 737 ብትመርጪም አብሮሽ ይሄዳል። ሁለት ታሪክ ልንገርሽ፤ ሁለቱም 787 አይደሉም።

የመጀመሪያው ኤምዲ-83 የተባለ የመንገደኛ ጄት ነው። በሴፕቴምበር 1997 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የአላስካ አየር መንገድ መካኒኮች የጭራውን አግዳሚ ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ትልቅ ብሎን ለኩ። የመላላቱ መጠን 0.040 ኢንች ሆነ። የተፈቀደው የመጨረሻ ልክ ራሱ 0.040 ነው። የሺፍቱ መሪ መካኒክ ይቀየር ብሎ ጻፈ። ቀጣዩ ሺፍት ደጋግሞ ለካና 0.033 አገኘ። አውሮፕላኑ ሳይቀየርለት ወደ ሥራ ተመለሰ። በዚያ ላይ ግሪስ የሚቀባበት ጊዜ ለዓመታት እየተራዘመ መጥቶ ነበር። ጃንዋሪ 31 ቀን 2000 የብሎኑ ነት ጥርሶች ተልጠው አለቁ፤ አውሮፕላኑ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቀ። 88 ሰው ሞተ። ፍርስራሹ ሲወጣ ብሎኑ ላይ የሚሠራ ግሪስ አልተገኘም። ይቀየር ብሎ የጻፈው መካኒክ ከአደጋው በፊት ጉዳዩን ለመንግሥት መርማሪዎች አመልክቶ ነበር። እኔ በዚህ ሙያ ክብር የምሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሁለተኛው ላንቺ ይቀርባል፤ 737 ማክስ ነው። በኦክቶበር 2018 የኢንዶኔዥያው የላየን ኤር አውሮፕላን ባሊ ላይ የአየር አቅጣጫ ጠቋሚ ሴንሰር ተቀየረለት። የተገጠመው ተጠግኖ የመጣ ሴንሰር ነው፤ ወደ 21 ዲግሪ ያህል ያዛባ ነበር። ከገጠሙት በኋላ መሞከር ነበረበት። መርማሪዎቹ ሙከራው መደረጉን ማረጋገጥ አልቻሉም፤ የውጤቱ ቁጥር አልተመዘገበም። ያን ምሽት ወደ ጃካርታ በተደረገው በረራ የካፒቴኑ መሪ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካፒቴኑ ግን ሎግ ቡኩ (የአውሮፕላኑ የብልሽት መዝገብ) ላይ ይህን አልጻፈም። የጃካርታ ቴክኒሺያኖች ያገኙት ጽሑፍ ስለ ፍጥነትና ከፍታ ንባብ ልዩነትና ስለ አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት ብቻ ነው። እነሱም ቱቦ አጠቡ፣ ማገናኛ አጸዱ፣ መሬት ላይ ሞከሩ፣ ፈረሙ። በማግስቱ ጠዋት 189 ሰው ሞተ። ዋናው ጥፋት በአንድ ሴንሰር ብቻ አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት የሠራው አምራቹ ዘንድ እንደነበር ዓለም ያውቃል። አምስት ወር ሳይሞላ ከቢሾፍቱ ብዙም በማይርቅ ሜዳ 157 ሰው ስናጣ የገፋው ያው ሥርዓት ነው። ግን ባሊና ጃካርታ ላይ ሙሉ ነገር ቢጻፍ ኖሮ ያ አውሮፕላን ያን ጠዋት የመቆም ዕድል ነበረው። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

እንግዲህ ፊርማን መሸሽ አትችይም። ልትመርጪ የምትችይው እንዴት እንደምትጽፊና ከማን ጋር እንደምትሠሪ ነው። መጀመሪያ ላይ ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚፈርምልሽ፤ ያ የመማሪያ ጊዜሽ ነው። «ታይቷል፣ ደህና ነው» ብሎ መጻፍ አትልመጂ። የለካሽውን ቁጥር ጻፊ። የትኛውን ሙከራ በየትኛው የማኑዋል ክፍል እንዳደረግሽ ጻፊ። ያላየሽውን አየሁ አትበይ፣ አለቃሽ ቢቸኩልም፣ አውሮፕላኑ ቆሞ መንገደኛ በር ላይ ቢጠብቅም።

ልምምድ ላይ ስትገቢ ደግሞ የሺፍት ርክክቡን ልብ ብለሽ ተመልከቺ። የሚወጣው ሺፍት ያልጨረሰውን ሥራ በጽሑፍ ነው የሚያስረክበው ወይስ በወሬ? ትልልቆቹን ቴክኒሺያኖች ሻይ ላይ ጠይቂያቸው፤ «አውሮፕላን ያስቆመ ችግር ያገኘ ሰው ነበር? ከዚያ በኋላ ምን ተባለ?» በያቸው። ሰውየውን ካመሰገኑት ጥሩ ቦታ ነሽ። ፊታቸው ከተለዋወጠና ወሬውን ከቀየሩ፣ ያን ቡድን አውሮፕላኑ የፈለገውን ቢሆን ለቀሽ ወደ ሌላ መዛወር ጠይቂ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ለእናትሽም ይህንኑ ንገሪያቸው። የፈሩት ሙያ ያን ዓይነት አደጋ የሚያስቆሙ ሰዎች ያሉበት ነው፤ ልጃቸውም ከነሱ አንዷ ልትሆን ነው።

ውጭ አገር ስለ መሥራት አጭር ልሁን። ገልፍ ካሰብሽ ኢትሃድ፣ ኳታር፣ ሳዑዲያ፣ ገልፍ ኤርና ኦማን ኤር 787 ያበራሉ። እዚያ ያለው የፈቃድ አሠራር የአውሮፓውን ይመስላል፤ የአውሮፕላኑ ዓይነት ላይሰንስሽ ላይ ስለሚጻፍ 787 ላይ ያገኘሽው ልምድ በቀጥታ ይቆጠርልሻል። 737 በዓለም ላይ ቁጥሩ ስለሚበዛ ሥራው ሰፊ ነው፤ ይህን አልክድሽም። አንድ ሁለት ዓመት ቆይተሽ ልትጨምሪው ትችያለሽ። ከ787 ወደ 737 መሄድ ከተገላቢጦሹ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። አሜሪካ ከሆነ የመካኒክ ፈቃዱ ኤ ኤንድ ፒ ይባላል፤ የአውሮፕላን ዓይነት አይጻፍበትም። በሥራ ልምድ ለማመልከት ለአካልም ለሞተርም ቢያንስ 30 ወር መሥራትሽን በማስረጃ ማሳየት አለብሽ። ከዚያ የጽሑፍ፣ የቃልና የተግባር ፈተና አለ፤ እንግሊዝኛሽን ከአሁኑ አጠንክሪ።

ማስረጃ ያልኩትን በቁም ነገር ያዢው። ልምምድ ከጀመርሽበት ቀን አንስቶ የራስሽ የልምድ መዝገብ ይኑርሽ። ቀኑ፣ አውሮፕላኑ፣ የሠራሽው ሥራ፣ የታስክ ካርዱ ቁጥር፣ የሱፐርቫይዘሩ ፊርማ። በየሳምንቱ አስፈርሚ፤ ከዓመታት በኋላ የሚፈርምልሽ ሰው ተዛውሮ ወይም አገር ለቆ ሊሆን ይችላል። ገጾቹን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ሌላ ቦታም አስቀምጪ። ምደባው ሲወጣ ጻፊልኝ፤ የርክክቡን ነገር እንዴት እንዳገኘሽው መስማት እፈልጋለሁ።